በአረፋ ሰሞን የተሰጠ ፓስወርድ

ባሂራ ድሮም አርፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ በ2008ቱ አረፋ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ቡታጅራ ውስጥ የአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ከወለደች ወዲህ ግን ቤቷ ካለው ኮምፒውተር በኔትወርክ ወደ ክሊኒኩ እየገባች ነው የሕሙማኑን መረጃ የምትመዘግበው። ይህን ያስፈቀደላት የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰይፉ ነው፤ ያውም በስንት ልመና! «ፓስወርዱን ለማንም እንዳትሰጪ፣ የሰው ፍላሽ እንዳይሰካበት። አንድ ነገር ቢፈጠር ሥራ አስኪያጁ ተመልሰሽ ከቢሮ ሥሪ ነው የሚልሽ» ብሏታል። ጡት የሚጠባ ልጅ ይዞ ቢሮ? አይታሰብም።

እሺ፣ ይሄን ለእንግዳ ማን ያስረዳል? ለአረፋ መርካቶ ያለው ዘመድ ሁሉ አገሩ ይገባል፤ በሬው ይታረዳል፣ ቤቱ ይሞላል። በዚያ ሰሞን ከዘመድ መቆለፍ ነውር ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኡበይድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና፣ «ባሂራ፣ ይሄም ቁልፍ አለው እንዴ? ከእኔ ነው የምትቆልፊው?» አሏት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ይሉኝታ ያዛትና ፓስወርዱን ነገረቻቸው። ወይ ይሉኝታ፣ ስንቱን ጉድ ሠራው!

ከዚያ በኋላ ክትፎ ብታቀርብ፣ ቆጮ ብትቆርስ ልቧ እዚያው ነው። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ በጎን ታያለች። አላስችል ሲላት ተጠግታ ብታይ፣ መንዙማ የሞላው የጋሽ ኡበይድ ፍላሽ ተሰክቷል፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ያረቢ፣ ቫይረስ! ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚከፈተው የክሊኒኩ መስመርም እንደተከፈተ ነው፤ ቫይረሱ በዚያው ወደ ሕሙማኑ መረጃ ሊሻገር ይችላል።

ዝም ብትልስ? ማን ያውቅባታል? ይሄን በማሰቧ ራሷን ጠላች። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለችና እዚያው እንግዳው መሀል ደወለች።

«ሰይፉ፣ ቫይረስ ገብቶብኛል። የእኔን መግቢያ ዝጋው፣ አሁኑኑ!»

«ባሂራዬ፣ ከዘጋሁት እኮ ሰኞ ቢሮ ነሽ።»

«ዐውቃለሁ፤ ዝጋው» አለች።

ጋሽ ኡበይድ ግን በጣም ተቆጡ። «በሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ እኮ! ለመሆኑ የማንን ገመና ነው እንዲህ የምትጠብቂው?»

ባለፈው አረፋ እሳቸው ራሳቸው ዘመድ ሳያያቸው ክሊኒኩ ገብተው ተመርምረዋል። ውጤታቸውን የመዘገበችው ባሂራ ናት፤ ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

«የሰው ነው፣ ጋሼ» አለች።

እሳቸውም ፍላሻቸውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ወንድማቸው ዞሩ፤ «ሚስትህን ሥርዓት አስተምራት» አሉት።