እጅ ሲነሣ የሚቆም ፈረስ

ሰው እውነት በመናገሩ ሊመሰገን አይገባውም፤ ግዴታውን ተወጣ እንጂ ትርፍ ነገር አልሠራምና። የፍኖተ ሰላሙ ጋሪ ነጂ ታከለ ምስጋና አልጠየቀም፤ እዚህም አይቸረውም። ታሪኩ የሚነገረው፣ ዝም በማለት ብቻ ልጁን በክብር ሊድር በሚችልበት ሰዓት ዝም ስላላለ ነው።

ታከለ ያደገው ከጅጋ ወዲህ ባለ ገጠር ነው። አባቱ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ለእርሱ ግን መሬትም ኮርቻም አልተረፈለትምና ገና በወጣትነቱ ወደ ከተማ ገብቶ ጋሪ ነዳ። እንከን የሌለበት ሰው አልነበረም። ሰንበት ጠላ ሲቀምስ ስለ አባቱ ፈረስ ማውራት ያበዛ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወደ ከተማዋ መግባት የጀመሩትን የባጃጅ ነጂዎች ደግሞ በስድብ ነበር የሚቀበላቸው። ፈረሱ ዳማ ግን ጨዋ ነበር። ከሆስፒታሉ እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ለብዙ ዓመት ተመላልሶበታል፤ ከመንገድ ዳር እጁን ያነሣ ሰው ባየ ቁጥር ልጓሙ ሳይሳብ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፤ ሰውየው እስኪሳፈርም አይነቃነቅም።

ሺህ ዓመቱ ሊለወጥ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ደጀኔ የተባለ ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ወጣት ስለ ጥንት ነገሥታት ዘመን የጀብዱ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። ታሪኩ አዲስ አልነበረም። አንድ ጎበዝ እጮኛውን የጠለፈበትን የጦር አበጋዝ ያሳድዳል፤ በላህ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ቀድሞ ይጠብቀዋል፤ አበጋዙም ጋሻውን ጥሎ ይሸሻል። ደጀኔ ካባዎቹን ከመጋረጃ ጨርቅ አሰፋ፤ ጎራዴዎቹን ከቆርቆሮ አስቆረጠ። ጎበዙን ሆኖ የሚጫወት ሀምዱ የሚባል፣ ፈረስ መጋለብ የሚያውቅ የቡሬ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ አገኘ። ለጦርነቱ የሚሆኑ ባላገር ፈረሰኞችም ፈረሶቻቸውን አስጊጠው፣ እየፎከሩ መጡ። ደጀኔ ያላሰበው፣ ሁሉም የመጡት ሊያሸንፉ መሆኑን ነው።

«እስቲ ደግሞ ጠላት እዚያ ማዶ ይቁም» አለ ደጀኔ።

ማንም አልተነቃነቀም። አንድ አዛውንት ፈረሰኛ ግን፣ «ጠላት የሆነው ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ።

«ይዋጋል። ከዚያ ይሸሻል።»

«ይህ ነገር የት ይታያል?»

«በየከተማው ነዋ፣ አባ። በሲዲ ይባዛል።»

«እንግዲያ አባቴ ከእውነተኛ ጦር ፊት ያልሸሸውን፣ እኔ ከመጋረጃ ለባሽ ፊት ልሽሽ? ያውም በየከተማው እየታየሁ? ልጆችህ ገበያ አይውጡ በለኛ!»

«ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታማ ከሆነ አንተው ሽሽ።»

ፈረሰኞቹ ሳቁ። ደጀኔ እየዞረ ሲለምን ዋለ። እግረኛ ጠላቶችን ከከተማው ተማሪዎች አሟላ፤ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሸሽ አበጋዝ ግን ታጣ። በመጨረሻ ጋሻዎቹን በጋሪ ጭኖ ያመጣው ታከለ ከቆመበት፣ «እኔ ልሽሽልህ» አለ።

ስለ ጥበብ ፍቅር ብሎ አልነበረም። ዳማ ኮርቻ ተጭኖበት አያውቅም፤ ታከለም ከልጅነቱ ወዲህ ኮርቻ ላይ አልተቀመጠም። ፈረሱን ከጋሪ ፈትቶ፣ አባቱ እንደነበሩት ሆኖ ለአንድ ቀን ለመታየት ሲል የሽሽት ስም መሸከም አልከበደውም። ምኞቱ ከንቱ ምኞት ነበር። ከንቱነቱንም በግልጽ ያስረዳችው ሚስቱ ያምሮት ናት።

«የሰብሊን ነገር ረሳኸው?» አለችው።

ልጃቸው ሰብሊ በሽንዲ አካባቢ መምህርት ነበረች። ይታገሱ የሚባል ባልደረባዋን ትወዳለች፤ እርሱም ሊያገባት ቆርጧል። የይታገሱ አባት አቶ ክንፈሚካኤል ግን በፈረሳቸውም በዘራቸውም የሚኮሩ ገበሬ ናቸውና ሽማግሌ ለመላክ አመንትተዋል። «ጋሪ ነጂ በመሆኑ አልንቀውም፤ የአባቷን ሰውነት ሳላውቅ ግን ደጅ አልጠናም» ማለታቸው ተሰምቷል።

«እንግዲህ ሰውነትህን በፊልም ሊያውቁት ነው» አለች ያምሮት። «ጋሻህን ጥለህ ስትሮጥ።»

«እኔ መች ሸሸሁ? ሽሽ ተብዬ ነው።»

«ይህን ደግሞ በየቤቱ እየዞርክ ትናገራለህ።»

«አንዴ እሺ ብያለሁ። ቃሌን ልብላ?»

ያምሮት፣ «በል እንግዲያ ቶሎ ሽሽ፤ ፊትህ ሳይታይ» አለችው።

ቀረጻው በጥቅምት፣ ላህ ጎድሎ በጠራበት ወቅት ሆነ። ታከለ ከላይ ከሜዳው ዳማን እያስጋለበ ወረደ፤ ሲቀመጥም በእርግጥ ያምር ነበር። ሀምዱ በመሻገሪያው ላይ ቆሞ ጎራዴውን ወደ ሰማይ አነሣ። በዚህ ጊዜ አበጋዙ ፈረሱን መልሶ መሸሽ ነበረበት። ዳማ ግን እጅ ሲነሣ አየ። ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ቀረብ ብሎ ለሀምዱ ጎኑን ሰጠና ቆመ።

ታከለ ልጓሙን ሳበ፤ በተረከዙ ነካው፤ ለመነው። ዳማ ተሳፋሪውን ይጠብቃል።

«አያ ታከለ፣ እስከ የት ያደርሱኛል?» አለ ሀምዱ በሳቅ እየተፍለቀለቀ።

«ቡሬ ከሆንክ ሌላ ጋሪ ፈልግ!»

ደጋግመው ሞከሩ፤ ዳማ ደጋግሞ ቆመ። በመጨረሻ ሀምዱ ሳቁን ውጦ የታከለን ጋሻ በጎራዴው ቢመታው፣ ታከለ ሚዛኑን ስቶ ከነካባው ውኃው ውስጥ ተዘረጋ። ከዳር የቆሙት ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ደጀኔ ስለመሸበት፣ ያለውን ይዞ ሄደ።

ምስሉን ቤቱ ተቀምጦ ሲያየው ግን ሌላ ነገር ታየው። እየጋለበ የመጣው አበጋዝ የተመዘዘ ጎራዴ ሲያይ አይሸሽም፤ ፈረሱን ገትቶ፣ ደረቱን ሰጥቶ ይቆማል፤ ተመትቶም ይወድቃል። ደጀኔ ድምፁን አጥፍቶ ዋሽንት ጨመረበት፤ ታሪኩን ለወጠ፤ ነገሩ ምስጢር ሆኖ እንዲቀርም ተማሪዎቹን አስማለ። ሽሽቱ ከፊልሙ ወጣ።

ፊልሙ ከገና በኋላ በዋለው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ታየ። ደካማ ፊልም ነበር። አንደኛው የጥንት ጦረኛ የእጅ ሰዓት አስሯል፤ ከጦር ሜዳው ጀርባ የመብራት ምሰሶ ይታያል፤ ጀግናው ከመዋጋት ይልቅ መናገር ይቀናዋል። አበጋዙ በቆመ ጊዜ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሲወድቅም አንዳንድ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ክንፈሚካኤል ልጃቸው ይታገሱ ጋብዟቸው ከሽንዲ ድረስ መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። መብራቱ እንደ በራ ታከለ ወዳለበት መጡና ጨበጡት።

«አንቱ ነዎት? ከጎራዴ ፊት እንዲያ የቆሙት?» አሉ። «የፈረሰኛ ልጅ መሆንዎን ሰምቼ ነበር፤ ዛሬ አየሁት። እንዲህ ያለ አቋቋም በትምህርት አይገኝም፤ ከአጥንት ነው።»

ሰብሊ ከአባቷ ኋላ እስትንፋሷን ይዛ ቆማለች። ያምሮት የባሏን ጋቢ ሳበች። ደጀኔ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ በዓይኑ ይማጸነዋል።

አንደበቱን ከውሸት ጠብቆ፣ ያልሠራውን ግን በዝምታ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው፤ ራሱንም እንደ ጨዋ ይቆጥራል። ታከለ ከዚህ ጎራ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ጌታዬ፣ የቆመው ፈረሱ ነው» አለ።

«እንዴት?»

«እኔ ሽሽ ተብዬ ነበር፤ ልሸሽም ነበር። ዳማ የጋሪ ፈረስ ነው። ልጁ ጎራዴውን ቢያነሣ ተሳፋሪ መሰለውና ቆመ። ብመታው፣ ብለምነው እምቢ አለኝ። መውደቄም እንዲሁ ነው፤ ሚዛኔን ስቼ ነው።»

አቶ ክንፈሚካኤል ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ታከለን አተኩረው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ሲያሸንፋቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ተሳፋሪ!» አሉ። «ተሳፋሪ መሰለው!» ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይታገሱ፣ ስማኝ። እኔ በአዴትም በቡሬም ገበያ ፈረስ ገዝቻለሁ። ተናካሹን ‹ጨዋ ነው›፣ አንካሳውን ‹ሰጋር ነው› ያላለኝ የለም። ስለ ፈረስ እውነት የነገረኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ። ስለ ፈረሱ ያልዋሸ ስለ ልጁ አይዋሽም።»

«ስለ ልጄማ አሁኑኑ እነግርዎታለሁ» አለ ታከለ። «ሥራ ወዳድ ናት፤ ግን ቁጡ ናት። በእናቷ ወጥታ።»

«በአባቷ ወጥታ!» አለች ያምሮት።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት መጡ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ፤ ሙሽሮቹ ወደ ሽንዲ የሚወስዳቸው መኪና በቡሬ መንገድ እስከ ቆመበት በዳማ ጋሪ ይሂዱ ብለው የጠየቁት አቶ ክንፈሚካኤል ራሳቸው ናቸው። ታከለ ለፊልሙ ያጌጠበትን ካባ ሊደርብ ቢቃጣው ያምሮት ከለከለችው፤ ደግ አደረገች።

ጉዞው ረዘመ። ሰው ሁሉ ከየደጁ እየወጣ ለሙሽሮቹ እጁን ያነሣል፤ ዳማም ለእያንዳንዱ ጎኑን እየሰጠ ይቆማል። ሚዜዎቹ መሸብን ብለው አጉረመረሙ፤ አንደኛውም ወርዶ ልጓሙን ሊይዝ ቃጣው።

«ተወው፣ ልጄ» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል ከኋላ፣ በራሳቸው ፈረስ ላይ ሆነው። «እጅ ያነሣን ሰው አልፎ መሄድ አያውቅም።»

ሰብሊ በነጠላዋ ውስጥ ሆና ሳቀች። ታከለ ልጓሙን ጭኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ ዳማ በራሱ ጊዜ እስኪነሣ ጠበቀ።