የታረመው ጭልፊት

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። በሞያሌ መንገድ ዳር፣ ከፊት አንድ ክፍል፣ ከኋላ አንድ ጨለማ ክፍል። ማንሳቱን ማንም ይችለዋል፤ እኔ የታወቅኩት በሪታች ነው። ኔጋቲቩን ከመስኮቱ ብርሃን ፊት አቆምና ጫፉ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ የሰው ፊት አርማለሁ። ማዲያት አጠፋለሁ፣ ጠባሳ እደፍናለሁ፣ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለውን ሽብሽብ ሳልጠየቅ አነሳለሁ። ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው እንደተፈጠረው ለመታየት አይደለም። ለዚያማ መስታወት አለ።

አንድ ጊዜ የሞተ አባት ከልጆቹ መካከል አስቀምጫለሁ። ከድሮ ፎቶው ቆርጬ፣ ለጥፌ፣ መልሼ አንስቼ፣ ስፌቱን በእርሳስ ደፈንኩት። ቤተሰቡ እያለቀሰ አመሰገነኝ። ከተማው ሁሉ እየመጣ አየው። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምኖረው ከአንዲት ነጋዴ ሴት ግቢ ተከራይቼ ነበር። እትዬ እንላቸው ነበር። ከላይ አገር የመጡ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከሰው ይልቅ ዶሮ የሚያምኑ ሴት ነበሩ። ቤታቸው የምትሠራው ከጨለለቅቱ በኩል የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ሴት ነበረች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጫጩቶቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። እትዬ ገበያ ወስደሽ ሸጥሻቸው አሏት።

«እትዬ፣ ጭልፊት ናት የወሰደው። በዓይኔ አየሁ» አለች፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ ይቀላቅላል።

«በየቀኑ? ቀለብተኛ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ።

ነገሩ ወደ ግራዝማች ሄደ። ግራዝማች የሰፈራችን ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው ሌባ ያሉት ሰው ሌባ ነው። ለቅዳሜ ቀጠሩ። ሠራተኛዋ በዋስ የገባች ናት፤ ዋሷ በጸሎት ቤታቸው የሚከበር አጎቷ ነው። ቅዳሜ ሌባ ከተባለች ዲላ ውስጥ በር የሚከፍትላት ቤት አይኖርም፣ አጎቷም ጸሎት ቤት ቀና ብሎ አይቆምም። ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤት መጣችና ቆመች።

«ጋሼ፣ ሌባ ተብዬ አገሬ አልገባም። አንተ ፎቶ ታነሳለህ። እሷን አንሳልኝ።»

ጭልፊት ፎቶ ቤት አይመጣም አልኳት። አልሳቀችም። እጄን ይዛ አጥሩ ጥግ ያለውን የባሕር ዛፍ ቋሚ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ደም ደርቋል፣ የጫጩት ላባ ተለጥፏል። ጉሙ ሲገልጥ መጥቶ ይወስዳል፣ እዚያ ላይ ቆሞ ይበላል አለችኝ። እኔ በዚያ ግቢ ሦስት ዓመት ስኖር ቀና ብዬ አላየሁም ነበር። ሥራዬ ማየት ነው እያልኩ።

ትልቁን ካሜራ ከቋሚው አራት እርምጃ ያህል ርቄ ተከልኩት፤ በእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። ካሜራው ረጅም የጎማ ቱቦ አለው፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ስጨምቅ ያነሳል። ቱቦውን በማድቤቱ በር አስገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ምንም አልመጣም። ረቡዕ ዘነበ። ሐሙስ ቁራ መጥቶ ቆመ፤ ደንግጬ ጨመቅኩት። ያ ቁራ በነጻ ተነሳ።

የመጣው ዓርብ ነው። ጥላውን አየሁ፣ ዶሮዎቹ ጮኹ፣ ወዲያው ቋሚው ላይ ነበር። ጫጩቷን በአንድ እግሩ ረግጧታል። ጭልፊቱ መንቆሩን አንዴ ነከረና ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው አየ። ቀና በል፣ አትነቃነቅ፣ ዓይንህን አትጨፍን ብዬ ያልለመንኩት ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። ጨመቅኩት።

ኔጋቲቩን ሳጥብ ሁሉም አለ። ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከታች ጫጩቷ እግሯ ተንጠልጥሎ ትታያለች። በሕይወቴ ካነሳሁት ፊት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ልጅቷን የረሳኋት እዚህ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ፎቶ በእጄ ሲገባ የታየኝ ጉድለቱ ብቻ ነው፤ ፊቱ ተቆጥቷል። ጭልፊት ከዓይኑ በላይ እንደ ቤት ክፈፍ የወጣ አጥንት አለው፤ ጥላው ዓይኑ ላይ ይወድቅና ያኮሳትረዋል። እርሳሴን ቀረጽኩ። ክፈፉን አለሰለስኩ፣ ጥላውን አነሳሁ፣ ዓይኑን አበራሁ። መንቆሩ ላይ ያለውን ደም ምሳ በልቶ አፉን እንዳልጠረገ ሰው አጸዳሁለት። የተከበረ ሰው ደግሞ የሚያምርበት ጉርድ ፎቶ ነውና ከደረቱ በላይ ብቻ አተምኩት። ጠርዙ አበባ ባለው ካርቶን ላይ ለጥፌ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከግራዝማች ሳሎን ተሰበሰብን። ከወንበራቸው በላይ የራሳቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ የእኔ ሥራ ነው። ግራዝማችን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ፊታቸውን በልቶታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ግራዝማች ግን ፊታቸው እንደ ሸክላ ሳህን ነው። ሁለቱ ፊቶች አንድ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ይታያሉ፤ በዚያ ቤት ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ አይቷል፤ የተናገረ የለም።

ፎቶዬን ሰጠኋቸው። ብዙ አዩት።

«ሌባው ይኼ ነው?»

«አዎ ግራዝማች።»

«ጫጩቱስ?»

ከታች ነበር፣ ቆርጬው ነው አልኩ። ሰው ሳቀ። ግራዝማች ደግ ሰው ናቸው፤ ሂድና አምጣ አሉኝ። ሮጬ ሙሉውን አትሜ፣ ከነእርጥበቱ በፎጣ ይዤ ተመለስኩ። ጫጩቷ አለች። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

ግራዝማች ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ያዙት።

«እንግዲህ ቅድም ያልነበረ ጫጩት አሁን መጣ። የሞተ አባት ከልጆቹ ጋር ያስቀመጥህ ሰው ጫጩት ያቅትሃል?» አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን የጭልፊቱ ግንባር ላይ አደረጉ። «ደግሞ እዩት። እኔ ስንት ሌባ አይቻለሁ። ይኼ የሌባ ፊት ነው?»

እትዬ ተጠግተው አዩ። «እንደ ርግብ ነው እኮ» አሉ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ግራዝማች፣ ይህ ፊት የእሱ አይደለም፤ የእርስዎን እንዳለሰለስኩት የእሱንም አለሰለስኩት፤ ቀና ብለው ግድግዳዎን ይዩ። ይኸው ነው። ልጅቷ ግን ቀና ብላ አየች። ግድግዳውን አየች፣ ግራዝማችን አየች፣ እኔን አየች። ጠበቀችኝ።

ፈራሁ። ከዚህ የሚያምር ምክንያት ብዙ ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። ግራዝማች ሌባ ናት አሉ፤ ሰኞ ጓዟን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ወጣች።

እትዬ ጉርዱን ፎቶ ለመኑኝና ሳሎናቸው ሰቀሉት፤ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ። ጫጩቶቹ መጥፋታቸውን አላቆሙም። አንድ ቀን እትዬ በር ላይ ቆመው ሳለ ጭልፊቱ ከእግራቸው ሥር አንድ ጫጩት አንስቶ ሄደ። ጫማቸውን ወረወሩበት። ገብተው ግድግዳውን አዩና «ይኼኛው አይደለም፣ ያ ሌላ ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ልጅቷን አምጣልኝ» አሉ።

ጥጥ ቀለም በሚያስለቅቅ አኳራጅ ነክሬ ኔጋቲቩን ጠረግኩት። አንዴ ሳሸው እርሳሱ ለቀቀ፤ ቁጣው ተመለሰ፣ ደሙም ተመለሰ። ሙሉውን አተምኩና በቡና መኪና ጨለለቅቱ ሄድኩ። ከአንድ ነጋዴ ግቢ ከሴቶች ጋር ቡና ስትለቅም አገኘኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፎቶውን በጠርዙ ያዘችው።

«አሁን እሷን መሰለ» አለች።

እትዬ አምነዋል፣ ተመለሺ ብለውሻል አልኳት። ሴቶቹ ለቀማቸውን አቁመው ያዩናል።

«እትዬ ጠረጠረችኝ እንጂ ሌባ ያለኝ ግራዝማች ነው» አለች። «ግድግዳው ላይ ያለውን የእሱንስ ፊት ጠረግከው?»

እሱን አልነካሁትም አልኳት።

ፎቶውን መልሳ ሰጠችኝና ወደ ቡናዋ ተቀመጠች።