ጸበል የጠጣችው መኪናዬ

ታላቅ ወንድሜ ተበላሽታ ለቆመችው መኪናዬ ገዢ አግኝቶ መጣ። አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ ባጠራቀምኩት ለገዛኋት መኪና! «ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ የሚነካ መካኒክ የለም። እሑድ ሰውዬውን ይዤው እመጣለሁ፤ እስከዚያ ካልተነሳች ትሸጫታለሽ» አለኝ። እኔም በንዴት «እሺ፣ ና!» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

እውነቱን ለመናገር ወንድሜ አልዋሸም። የጠራሁት መካኒክ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ገና ሲያይ «እኔ ልጆች አሉኝ» ብሎ ወጣ። እኔ ደግሞ ፊዚክስ አስተምራለሁ! አልሸጥም አልኩ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከሉማሜ ስመለስ መብራት በርቶ ስላስጠነቀቀኝ ኮፈኗን ከፍቼ «የኢንቨርተሯ ኩላንት ጎድሏል» እያልኩ ስነጫነጭ እናቴ ሰማችኝ። ኢንቨርተር ማለት የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያቀብል ሣጥን ነው፤ የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለው። ትምህርት ቤት ደርሼ እስክመለስ እማዬ ጸበል ከእምነት አፈር ጋር በጥብጣ እስከ አፉ ሞላችለት። ዓይን በልቷት ነው ብላ! በማግስቱ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። የኩላንቱን መያዣ ባየው ሥሩ ጭቃ ሆኗል።

ቅዳሜ ጠዋት የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፤ በክሪክ አንስቼ፣ በጉማጅ ግንድ ደግፌ ከሥሯ ገባሁ። የማፍሰሻውን ብሎን ልፈታ ስል እማዬ ከላይ ጮኸች።

«ወዴት ልታፈሺው ነው? ጸበል እግር አይረግጠውም!»

«አሁንማ ከኩላንቱ ጋር ተቀላቅሎ መርዝ ሆኗል፣ እማዬ! ውሻ ቢልሰው ይሞታል!»

«ቢሆንም ጸበል ነው።»

«የገደላት እኮ እሱ ነው!» አልኳት።

እማዬ ወደ ቤት ገባች። ወዲያው አፈርኩ፤ ለእኔ ብላ ያደረገችው ነበር። ጥቂት ቆይታ ሳፋ ይዛ አጠገቤ ተንበረከከች። ጠብታ መሬት ሳይነካ ተቀበለችው፤ ጀሪካን ውስጥ ጨምረን ከደንነው።

በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። ሮዝማውን አዲስ ኩላንት ሞልቼ፣ የባትሪውን ገመድ መልሼ ማስነሻውን ስጫን ፓምፑ እህህ አለ፤ አረፋም ወጣ። አረፋው እስኪጠፋ ጨመርኩለት። እማዬ ጆሮዋን አስጠግታ «ትተነፍሳለች!» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንድሜ ሰውዬውን ይዞ መጣ። እማዬ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። እኔ ማስነሻውን ተጫንኩ። ምንም ድምፅ የለም።

«አላልኩህም? ሞታለች!» ብሎ ወንድሜ ወደ ገዢው ዞሮ ሳቀ፤ እጁን ከኋላ ኮፈኗ ላይ ጣለ። ሃይብሪድ ስትነሳ እንደማትጮህ አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ፣ ከኋላዬ ዞር በል።»

«ባልዞርስ ምን ታመጫለሽ?»

ማርሹን አስገብቼ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አልኩ። «ወይኔ!» ብሎ ዘለለ። ገዢው ሳቁን መያዝ አቃተው።

እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ የሚሸጥ ነገር የለም። ልጄ አሁን ሮብ ገበያ ከተማ ታደርሰኛለች» አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? የግቢውን በር ክፈትልን!»

ከፈተልን።