የንጉሡ ጉንጭ

እኔ ሽማግሌ በጥፊ የመታሁ ሴት ነኝ። ልሸፋፍነው ብልም እጄ ያውቀዋል።

ሮም ውስጥ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ አንድ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ቤታቸው ሆኜ እጠብቅ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት የጥንት ባቢሎን ነገሥታትን ታሪክ ነው። በሽታው ጭንቅላታቸውን ከነካው ወዲህ ግን እኔን የሚያስተምሩኝ በከዘራ ሆነ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ከዘራ። መስኮቱ ተከፈተ፣ ከዘራ። ክንዴ በልዞ በዚያ በሮም ሙቀት ረጅም እጅጌ እለብስ ነበር። ለምን ጥለሽ አልሄድሽም ትሉኝ ይሆናል። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ የሥራ ውሌን የፈረመችው ደግሞ ልጃቸው ናት። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ወረቀት የለኝም። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ዝም!

አእምሯቸው መለስ ባለ ቀን ታዲያ ከማር ይጥማሉ። አንድ ቀን ጠዋት ፂማቸውን ስላጫቸው ስለ ንጉሡ አጫወቱኝ። የባቢሎን ንጉሥ በዘመን መለወጫ ቤተ መቅደስ ይገባል። ካህኑ ዘውዱንና በትሩን ይቀበለውና በጥፊ ያጮለዋል፤ ጆሮውን ጎትቶም ያንበረክከዋል። ንጉሡም «ከተማዬን አልበደልኩም፣ የሰዎቿን ጉንጭ አልመታሁም» ብሎ ይምላል። ከዚያ በትሩ ተመልሶለት ደግሞ አንድ ጥፊ ይቀምሳል። እንባው ከወረደ አምላኩ ታርቋል፣ ዓመቱም ደህና ነው።

«እርስዎስ ፕሮፌሶሬ፣ ምን ብለው ይምሉ ነበር?» አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅ! ከዘራው ጆሮዬ ላይ አረፈ። ደሜ በአንገቴ ሲወርድ ተሰማኝ። አልቻልኩም፤ ባለ በሌለ ኃይሌ አጮልኳቸው። የአባቴን እኩያ! እሳቸው አላለቀሱም። የተላጨው ጉንጫቸው ላይ አምስቱ ጣቶቼ ቀልተው ታተሙ።

ልጃቸው ለምሳ መጣች። እኔ ጆሮዬን በሻሽ ሸፍኛለሁ።

«አባዬ፣ ማነው የመታህ?»

አለቀልሽ አልኩ በሆዴ፤ ፔርሜሶውም፣ ሥራውም። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ጉንጭ የመታሁስ እኔ ነኝ» አሉ።

ልጅቷ ራሳቸውን የመቱ መሰላት። «አሎራ፣ እንግዲያው መድኃኒቱን እናስጨምራለን» ብላ ፓስታዋን በላች። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፔርሜሶዬ በዚህ ተረፈ።

በማግስቱ ከዘራውን መለስኩላቸው፤ ያለሱ መች ይራመዳሉ! ቁርሳቸውን ሳዘጋጅ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ማድ ቤት መጡ። ወንበር ላይ ሊያንጠለጥሉት ከዘራውን ከፍ አደረጉት። እኔ ሳላስበው የያዝኩትን ሳህን ለቅቄ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ሳህኑ ተከሰከሰ። ዱላው ግን አልመጣም። በጣቶቼ መሃል አጮልቄ ሳይ፣ ጥፊዬ ያላስለቀሳቸው ሰው ከዘራቸውን ጥለው ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ።