እዚህ መንደር አይሮጥም

ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ነው፤ ጉልበቴን ከጠየቃችሁት ግን ሰባ አምስት ይላችኋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሳስተምር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሩጫ የጀመርሁት ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ሰው ሁሉ መቀመጫ በሚፈልግበት ዕድሜ ነው። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ «ምን አባሯት ነው?» ይባባሉ ነበር። አሁን ለምደውኛል፣ ወይም ተስፋ ቆርጠውብኛል።

ጠዋት ጠዋት ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት እወጣለሁ። ከከተማው ወጣ ሲሉ አንድ ጉብታ አለ፤ አናቱ ላይ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ከሾላው በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በአንዲት ትንሽ መንደር መሐል ያልፍና ወንዙን ይሻገራል። ዳገት የሚፈትነው ሳንባን ነው፤ ጉልበት የሚበላው ቁልቁለት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ዓመት ከቡሬ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም በሚገባው የጎልማሶች ሩጫ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ሊጥ ኩፍ አለና ቀሪውን በባጃጅ ገባሁ። ሰው እያጨበጨበ በሚጠብቅበት አደባባይ በባጃጅ መግባት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

ሐኪም ቤት ያገኘሁት ወጣት ባለሙያ ጉልበቴን አጥፎ ዘርግቶ አየና፣ «ማዘር፣ ልስልስ አጥንቱ ሳስቷል። መሮጡን ይሩጡ፣ ግን በየመሐሉ ይራመዱ። አለዚያ ሩጫ የሚባለውን ይርሱት» አለኝ። ከምክሩ ይልቅ «ማዘር» ማለቱ አናደደኝ። ለመራመድ ብዬ የሩጫ ጫማ አልገዛሁም አልሁና የጉልበት ማሰሪያዬን ጠበቅ አድርጌ ቀጠልሁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔን የመከሩኝ ግን አንዲት እናት ናቸው።

ኅዳር ነበር። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከሾላው እመለስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቁልቁለቱን ወረድሁት። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መንደሩን አቅልቶታል፤ ጉሙ ገና አልተነሣም። ከሾላው ቁልቁል እየሮጥሁ መንደሩ ውስጥ ስገባ የአንድ ቤት በር ተከፈተና ሰባውን ያለፉ ባልቴት ብቅ አሉ። አዩኝ። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑና «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱን የጎረቤት ሴቶች ተቀበሉት፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ። እኔም ቆሜ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ከዚያ «ማን ሞተ?» ብዬ አንዱን ሰውዬ ጠየቅሁ።

«አንች ንገሪን እንጅ!» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሴት በማለዳ ስትሮጥ ከታየች ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ሰው ሞቷል። እኚህ እናት ሁለት ወር ሙሉ የሚሮጥ እግር ሲፈሩ ከርመው፣ እኔ ለጤናዬ ብዬ ያንኑ ይዤላቸው መጣሁ። የእግሬ ኮቴ እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። አፈርሁ፤ ከማፈሬም ይበልጥ ደነገጥሁ።

ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሲረጋጉ ደጃቸው ላይ አስቀመጡኝ።

«ታዲያ ማን ነው የሚያሳድድሽ?» አሉኝ።

«ማንም፣ እማማ። ለጤናዬ ነው።»

የታሰረውን ጉልበቴን አዩት። «ለጤናሽ ነው እንዲህ የሆንሽ?» አሉና፣ «ሩጭ ልጄ፣ አልከለክልሽም። እዚህ መንደር ግን አይሮጥም። ከሾላው እስከ ወንዙ በእርምጃ እለፊ። ስትራመጅ ካየሁሽ ክፉ ወሬ አልያዝሽም ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾላው ጋ ስደርስ እቆማለሁ፣ ወንዙ ድረስ እራመዳለሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እንዴት አደራችሁ እላለሁ። ስመለስም እንዲሁ። መንደሩ ጎድጓዳ ስለሆነ ኔትወርክ የለውም፤ ስልክ ያለው ሰው ለመደወል ሾላው ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የእኔን ቁጥር በደብተር ወረቀት ቁራጮች ላይ ጽፌ ለእማማ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ወደ መተማ ለሚሄድ ሁሉ አደሉት። ጠዋት ሳልፍ በዓይናቸው ይጠይቁኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። «እሱ ያውቃል» ይላሉ፤ ቀጥለውም «ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ያን የመሰለ ጭንቅ የተሸከመ ሰው ለእኔ ጉልበት ቦታ ማግኘቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። እሳቸው በየዓመቱ ግሽ ዓባይ ጠበል በእግራቸው ሄደው ይመለሳሉ። ጉልበትዎን አያምዎትም ወይ ብላቸው፣ «ሲያመኝ ጊዜ እሄዳለሁ፤ ስቀመጥ ይብስብኛል» አሉኝ።

ወር ሳይሞላ የጉልበቴ እብጠት ጎደለ። ወጣቱ ባለሙያ እየዳሰሰ «ማዘር፣ ምን አደረጉበት?» ሲለኝ፣ «አንድ መንደር ውስጥ እራመዳለሁ» አልሁት። እሱ ራሱ የነገረኝ መሆኑን ለማመን ግን ኩራቴ አልፈቀደም።

ጥር ላይ እንደገና ከቡሬ ተሰለፍሁ። እንደ ባለፈው ጉልበቴ ከከዳኝ ጫማዬን ለሰው ሰጥቼ ልተወው ወስኜ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆሜ መራመድ ጀመርሁ። ቀኑ የበዓል ቀን ስለነበር መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ የእማማም በር ዝግ ነው፤ ሮጬ ባልፍ የሚያየኝ አልነበረም። ሦስት ሴቶች አለፉኝ። አንደኛዋ ዞር ብላ «አመመሽ?» አለችኝ፤ «ቃል አለብኝ» አልኋት። ከሾላው በኋላ እንደገና ሮጥሁ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኜ በገዛ እግሬ አደባባዩን ሳልፍ አለቀስሁ። ማታ ጉልበቴን ደባበስሁት፤ አላበጠም።

ከዚያ በኋላ በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ ጠዋት ሾላው ሥር ቆሜ ልራመድ ስል ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ አግኝቼ ነው» አለ የደከመ የወንድ ድምፅ፤ የእናቱን መንደር ጠራ። ወባ ጥሎት ከርሟል፤ ስልኩም ጠፍቶበታል። የያዘው የሰው ስልክ ነው፤ ባለቤቱ ወደ ሥራ ሊወጣ ነው። «ሩብ ሰዓት ቆይቼ እደውላለሁ። እናቴን ያገናኙኝ» አለኝ።

መንደሩ ከታች ይታየኛል። እግሬ ሩጭ ሩጭ አለኝ። ግን እየሮጥሁ ብወርድ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት ያች ጩኸት ትመጣለች፤ ያን ጊዜ የተረፈ ልባቸው ዛሬ ላይተርፍ ይችላል። ተራመድሁ። የምሥራች ይዤ፣ ሰዓት እየቆጠርሁ፣ ላገኘሁት ሁሉ እንዴት አደራችሁ እያልሁ ተራመድሁ። በሕይወቴ ከሮጥሁት መንገድ ሁሉ ያች ቁልቁለት ረዘመችብኝ።

እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ስራመድ አይተው አልደነገጡም።

«ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

«የምሥራች፣ እማማ። ልጅዎ ደወለ። ድምፁን ሰማሁት። ተመልሶ ሊደውል ነው፣ ሾላው ድረስ እንውጣ።»

ምሥር ብይ አላሉኝም። በርበሬው ከጭናቸው ፈሰሰ። ተነሡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ሮጡ።

ሰው ሲሮጥ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። በዚያ ዳገት ላይ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በላስቲክ ጫማ፣ ትንፋሻቸውን ሳይቆጥቡ። ጎረቤቶቹ «ምን ሆኑ?» እያሉ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ ዞር ሳይሉ «ደወለ!» ይሏቸዋል። እኔ ጉልበቴን እየጠበቅሁ በፈጣን እርምጃ ተከተልኋቸው፤ ልደርስባቸው አልቻልሁም። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስልኩ እጄ ውስጥ ጮኸ። «አሎ» አልሁ፤ ድምፁ መጣ፣ ተቆራረጠ፣ ሄደ።

ቀና ብዬ አየሁ። እማማ ሾላው ሥር ደርሰው ወደ እኔ ዞረዋል፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ምን ትራመጃለሽ?» አሉኝ። «ሩጭ እንጅ!»

ጉልበቴን ሳልጠይቀው ሮጥሁ።