በርበሬ የለቀምንበት ደቦ

ያን ሰውዬ ለምን መረቅነው? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የእኅቴ ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ከመጣች ወዲህ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ሥራ ስትፈልግ ትውላለች። ባለፈው ሐሙስ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች ገባች። ያመለከተችበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ነው፤ ሥራ ፈላጊዎቹን ሴቶች ጠርቶ ሲያስከትፋቸው ውሏል።

«ከሰው ድግስ ምን አገባሽ?» አልኋት።

«ፊቴን ይወቁት ብዬ ነው፣ አክስቴ። እሑድም ኑና አስተናግዱ ብለውናል።»

የራሴው የበርበሬ ቀን ትዝ አለኝ።

እኔ ትምህርት የጀመርሁት ባል ፈትቼ፣ ዘግይቼ ነው። በእኔ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ሥራ ያጣ ሰው ጥቂት ስለነበር በጣት ይጠቆም ነበር። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «ያችውላችሁ፣ ፊደል ያገባችው» ይሉኛል። ዛሬ ማን ማንን ይጠቁማል? በየቤቱ ግድግዳ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባለፎቶው ከሥሩ ተኝቷል።

ያኔ ቡሬ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል ተባለና አመለከትን። ኅዳር ላይ ኃላፊው በርበሬው ደርሶ ኖሮ «ደቦ ጠርቻለሁ» ብሎ ላከብን። የገጠር ልጆች ነን፤ ደቦ የጠራን ሰው እንቢ ማለት ነውር ነው። ደቦ ግን ወግ አለው። ጠሪው ከሁሉ ቀድሞ ማሳ ይገባል፤ ነገ ያንተ እህል ሲደርስ ደግሞ እሱ ይመጣልሃል። ይህ ሰው ከብሳናው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ደግሞስ የእኛ ማሳ የት አለና ይመጣል?

ቀትር ላይ ጣቶቼ ነደዱ። ላቤን ልጠርግ ብል ዓይኔም አብሮ ነደደ። ከጎኔ የነበረችው የደምበጫ ልጅ፣ ጥሩዬ፣ ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«ጌታው! ይምጡና አንድ መስመር ይያዙልን እንጂ፣ ደቦ አይደል ያሉን?»

ጋዜጣውን ሳያወርድ «ልጄ፣ እኔ ስቀጥር እንጂ ስለቅም አላምርም» አላት። አብረውን የሚለቅሙት ወንዶች ሊያስደስቱት ሳቁለት።

«እንዲያስ ከሆነ እኔም ስሄድ ነው የማምር» አለችና ነጠላዋን አራግፋ መንገዷን ያዘች።

እኛ እስክንጨርስ ለቀምን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃ ውኃ የሚል ጠላ ቀረበ። ጠጥተን እንደ ደቦ ወግ ቆመን «ዓመት ዓመት ያድርስዎ፣ ማሳዎ ይባረክ» አልን። እኔም ባበጠ እጄ አሜን አልሁ። የጸሐፊነቱን ቦታ የሚስቱ ወንድም ያዘው፤ ማሳው ውስጥ ዝር ያላለ ሰው።

ኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ፣ በመጻሕፍት መካከል ጡረታ ወጣሁ። ያን ቀን የሆነውን ግን ለእናቴ እንኳ አልተናገርሁም። ጥርስ ነክሶ መቻል ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ያስጠላኛል።

ሐሙስ እራት ላይ ለእኅቴ ልጅ ነገርኋት። ሰምታ ስታበቃ «ጥሩዬ ሥራ አገኘች?» አለችኝ።

«የት አግኝታ!»

«ታዲያ መሄዷ ምን ጠቀማት?»

«እኛስ ቀርተን መች አገኘን? እሷ ያን ማታ እራቷን በገዛ እጇ በላች። እኔን እጄ አብጦ እናቴ ናት ያጎረሰችኝ።»

ስልኳን አንሥታ ለኃላፊው ደወለች።

«እሑድ አልመጣም» አለች። ምክንያት አልጨመረችም።