ሁለት ጊዜ የታጠበ እግር

ልጄ የምትወደውን ተከታታይ ድራማ ከአንድ የእንግሊዝ የኢንተርኔት መደብር ልትገዛ የባንክ ካርዴን ተቀበለችኝ። ቁጥሩን ሞልታ ስትጨርስ ስልኩ «ይቅርታ፣ ይህ ድራማ ባሉበት አገር አይሸጥም» አላት። ትህትናው ነው ያናደደኝ።

«እማዬ፣ እየከፈልን ለምን ይከለክሉናል?»

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ እግሬን በረደኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ላፍቶ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ አሰለፈች ብቻ ነበሩ። እሑድ ከሰዓት የልጆች ፊልም ማየት የፈለገ ልጅ ግቢያቸው ቧንቧ ላይ እግሩን ይታጠብና በር ላይ ውስጥ እግሩን ያሳያቸዋል። አንድ እሑድ እኔ በልብስ ሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ ተረከዜን እስኪቀላ በድንጋይ ፈተግኩት። እትዬ አሰለፈች ግን ዝቅ ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «አንቺ ሌላ ቀን፣ የኔ ቆንጆ» ብለው በሩን ዘጉት። የጓደኞቼ ሳቅ በመስኮት ይሰማኝ ነበር።

እናቴ ጓሮ የእሳቸውን አንሶላ እያጠበች ነበር።

«ደግሜ ልታጠብ?» አልኳት።

«ተይው። ያዩት እግርሽን አይደለም» አለችና አንሶላውን ሰው እንደምታንቅ አድርጋ ጨመቀችው።

አልገባኝም። የቀረ ቆሻሻ ካለ ብዬ እስኪመሽ ተረከዜን ሳገላብጥ ዋልኩ።

ልጄ ካርዱን እንደገና አነሳችው። «ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆናል። ደግሜ ልሙላው?»

«ተይው» አልኳት። «ያዩት ቁጥሩን አይደለም።»